ከመግዛት መመርመር ይቅደም

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ታላላቆች በሽምግልና ላይ ሲናገሩት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጓሜው በሚገባ የገባኝ ግን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ የምወዳችሁም የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ነገሩ የጨዋታ ነገር ነው ብላችሁ ሳትንቁት ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዛሬ ከጀሞ እስከ ጎፋ፥ ከለቡ እስከ መካኒሳ ባለው በክፍለ ከተማችን ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ቀድሞ ጌም ለመጫወት ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ በየጨዋታው መክፈል ግድ ነበረ፤ አሁን ግን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ በቤቱ የሚጫወት ብዙ ነው። በዕረፍት ሰዓት በግቢያችን ውስጥ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ከሚሰማቸው ወሬዎች አንዱ «ጌሙ ይንቀራፈፍብኛል፥ ምን ይሻለኛል?» የሚለው ነው። መልሱም ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፦ «ካርድ ቀይር»፤ «ራም ጨምር»፤ «ይህን ጥለህ ሌላ ግዛ»። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ መጥፎ ልማድ ነው። አንደኛ፥ የሚባክነው ገንዘብ የእኛ ሳይሆን የወላጆቻችን ነው። ሁለተኛ፥ በእጃችን ያለውን መሣሪያ ሳናውቀው እንድንኖር ያደርገናል። የዚህም ጽሑፍ ዋና አሳብ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለመድኃኒቱ ገንዘብ አይውጣ የሚል ነው።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ ምንነት ላስረዳ። በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ኳስ ሲንከባለል፥ መኪና ሲሮጥ የምናየው በእውነቱ ፈጥነው የሚከታተሉ የቆሙ ሥዕሎችን ነው። ሲኒማም እንዲሁ ነው። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ተደንቆ የማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ምሥጢሩ ግን የዓይናችን ምሥጢር ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎች ያሳያል፤ ዓይናችንም አያይዞ እንደ አንድ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል። በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል፤ በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም ቍጥርም እኛ ተማሪዎች «ኤፍፒኤስ» እንለዋለን። ፊልምን ተመልካቹ ስለማያዘው 24 ይበቃዋል፤ ጨዋታን ግን እጃችን ስለሚያዘው ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። 60 ከሆነ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ 30 ከሆነ ይቻላል፤ ከዚያ ሲወርድ ግን ይቆራረጣል፥ እጅ ያዘዘውንም ዓይን ዘግይቶ ያየዋል።

የጨዋታው ሥዕል እንደ ፊልም ቀድሞ ተነሥቶ የተቀመጠ ስላልሆነ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን እዚያው በእዚያው መሥራት አለበት። በሰከንድ 60 ለማድረስ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህችም ጊዜ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ይረዳዳሉ። ፕሮሰሰሩ ኳሱ የት እንደ ደረሰ፥ ተጫዋቹ ወዴት እንደ ዞረ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ የተሰላውን ተቀብሎ ይሥላል። በእናቶቻችን ማዕድ ቤት ብንመስለው አንዷ ሊጡን ታቀርባለች፥ ሌላዋ በምጣድ ትጋግራለች። ሊጡ ከዘገየ በምጣድ ላይ ምጣድ ቢጨመር እንጀራው አይበዛም። አንባቢ ይህችን ምሳሌ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የእኔ ስሕተት በርሷ ውስጥ ነውና።

በ2017 ዓ.ም. የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነበረኝ። የእግር ኳስ ጨዋታ በከፈትሁ ጊዜ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ግን ከ60 ወደ 20 ይወርዳል። ጓደኞቼን ብጠይቅ በአንድ ቃል «ካርዱ ነው» አሉኝ፤ እኔም አመንሁ። በዚያው ወር ለእናቴ ዕቁብ ደረሳት። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን ከማጠራቀም እንድንድን ብላ ገንዘቡን ያሰበችው ለሮቶ ነበር። እኔ ግን «ለትምህርትም ይጠቅመኛል» እያልሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኋት። በመጨረሻ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ወደ ሱቅ ሄጄ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ጠየቅሁ። ሻጩ «ባለ ስንት ጊጋ ልስጥህ?» አለኝ እንጂ «ኮምፒውተርህን ምን ያመዋል?» አላለኝም። እኔ ራሴ ያልጠየቅሁትን እርሱ ባለመጠየቁ ልወቅሰው አይገባኝም። ካርዱን ገዝቼ፥ ቤቴ ገብቼ ሰካሁት። ዐሥር ደቂቃ አማረ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ 20 ገባ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ማታ እናቴ «እንዴት ነው፥ ደህና ሆነልህ?» ብላ ስትጠይቀኝ «አዎ፥ በጣም ደህና ነው» አልኋት። ይህ ውሸት ከገንዘቡ ይልቅ ከበደኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ዝም ካልሁ በኋላ አንድ ቀን ከክፍለ ጊዜው ፍጻሜ በኋላ የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅሁ። እሳቸውም መልስ በመስጠት ፈንታ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉኝ። «ከዐሥር ደቂቃ በኋላ» አልሁ። «በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ምን ይለወጣል?» አሉኝ። «ምንም አይለወጥም፤ ጨዋታው ያው ነው፥ ካርዱም ያው ነው» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው «ሙቀቱስ?» አሉኝ። እውነትም ሙቀቱን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ማታ የሙቀት መጠን የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኜ፥ ደብተር ይዤ፥ ጨዋታውን እየተጫወትሁ በየሁለት ደቂቃው ጻፍሁ። ፕሮሰሰሩ ሲጀምር 60 ዲግሪ ነበረ፤ በስድስተኛው ደቂቃ 90 አለፈ፤ በዐሥረኛው ወደ 100 ተጠጋ። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ከ3.4 ጊጋኸርዝ ወደ 1.2 ወረደ፤ ኤፍፒኤሱም አብሮት ወደቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱን ለመጠበቅ ሥራውን ያዘገያል። ስለዚህ ሊጥ አቅራቢዋ በሙቀት ደክማ ሳለ እኔ በእናቴ ገንዘብ ሁለተኛ ምጣድ ገዝቼ ነበር። ምልክቱ «ከዐሥር ደቂቃ በኋላ» የሚለው ቃል ነበረ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በገዛ አፌ ስናገረው ኖሬአለሁ፥ ጆሮዬ ግን አልሰማውም።

ክዳኑን ብከፍት በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ብረት መካከል ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ አገኘሁት። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። አቧራውን በለስላሳ ቡርሽ ጠርጌ፥ አሮጌውን ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከ75 ዲግሪ አላለፈም፤ ጨዋታውም አንድ ሰዓት ሙሉ ከ55 እስከ 60 ሄደ። ለማረጋገጥ ብዬ የድሮውን ካርድ መልሼ ብሰካው በእግር ኳሱ ላይ ልዩነቱ ከቍጥር የሚገባ አልነበረም። ለቡርሹና ለፔስቱ ያወጣሁት ገንዘብ ከካርዱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ካርዱን ለሌላ ተማሪ በኪሳራ ሸጬ፥ የተረፈውን ለእናቴ መልሼ፥ እውነቱን ነገርኋት። ብዙ አልተቈጣችኝም። «እኔ እኮ ምጣዱ አልግል ሲለኝ ሶኬቱን አያለሁ እንጂ ምጣድ ልግዛ ብዬ ገበያ አልሄድም» አለችኝ። ካነበብሁት ምክር ሁሉ ይህች አንዲት ቃል ትበልጥብኛለች።

ስለ ሙቀትና ስለ አቧራ ጥቂት ልጨምር፤ እኛ የምንኖርበት ስፍራ ራሱ በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ አየሩም በዚያው መጠን ይሳሳል። ፋኑ የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። የትልልቅ ኮምፒውተሮች አምራቾች ከተወሰነ ከፍታ በኋላ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀነስ ማለታቸው ስለዚህ ነው። ደግነቱ የከተማችን ብርድ ይህን ይክሰዋል። ነገር ግን መንገድና ሕንፃ በሚሠራበት ከተማ አቧራ መነሣቱ አይቀርም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ በየአቅጣጫው ሲካሄድ በመስኮታችን የገባውን አቧራ ያልጠረገ ቤተ ሰብ የለም። መስኮቱንና ወንበሩን እንጠርጋለን፤ ቀኑን ሙሉ አየር የሚስበውን ኮምፒውተር ግን አንድ ጊዜም ከፍተን አናየውም። ነፋስን በስሙ በያዘ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ኮምፒውተር ነፋስ አጥቶ መታፈኑ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

ዳሩ ግን የመንቀራፈፍ ምክንያት ሁሉ ሙቀት ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብል ካርድን የሁሉ መድኃኒት ካደረጉት ጓደኞቼ በምን እሻላለሁ? ምክንያቱ ብዙ ነውና ምርመራው በተራ መሆን አለበት። እኔ ከስሕተቴ በኋላ የምከተለውን ተራ እነሆ እጽፋለሁ።

አንደኛ፥ ዘገየ የተባለው ሥዕሉ ነው ወይስ መስመሩ? በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ስንጫወት መልእክቱ ውጭ አገር ካለው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ያም ሲዘገይ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ይጐተታል፥ የተመታው አይመታም። ይህን «ላግ» ብለን ከኤፍፒኤስ ጋር እናደባልቀዋለን። መለየቱ ቀላል ነው፤ ኢንተርኔቱን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር መጫወት ነው። ሥዕሉ ከተስተካከለ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፥ ለዚህም የሚገዛ ካርድ የለም።

ሁለተኛ፥ ኬብሉ የት ተሰክቷል? ግራፊክስ ካርድ እያለው የሞኒተሩን ኬብል ከካርዱ ላይ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ። ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ደካማው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ብቻውን ይደክማል። መድኃኒቱ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ሦስተኛ፥ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ የራሱ ነውን? በባትሪ ብቻ ሲሠራ ወይም የኃይል መጠኑ በቂ ያልሆነ ቻርጀር ሲሰካለት ብዙ ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል። በአልጋ ልብስና በሶፋ ላይ አስቀምጦ መጫወትም የአየር ማስገቢያውን ይደፍናል። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ጨዋታውን በደካማው ላይ ሲያስኬድ ይገኛል፤ ይህም ከዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ይስተካከላል።

አራተኛ፥ ከጨዋታው ጀርባ ማን እየሠራ ነው? ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቍልፎች አንድ ላይ ብንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፕሮሰሰሩን፥ ራሙን፥ ዲስኩንና ካርዱን ማን ምን ያህል እንደ ያዘው ያሳየናል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የማያሰኝ እውነት መናገር አለብኝ። ብዙዎቻችን ጌም የምናስጭነው ከሰው ሃርድ ዲስክ ላይ በመገልበጥ ነው፤ የተሰበረ ጌም ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ሰው የክሪፕቶ ገንዘብ የሚቈፍር ፕሮግራም በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ምንም ሳንከፍት ፕሮሰሰሩ ወይም ካርዱ ዕረፍት ካጣ ይህን መጠርጠር ይገባል። በነጻ የተገኘ ነገር ዋጋውን በሌላ በር ያስከፍላል።

አምስተኛ፥ ራሙ ስንት ነው፥ በስንትስ ተከፍሏል? ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ አንድ ራም ብቻ ተሰክቶባቸው ይመጣሉ። 8 ጊጋባይት በአንድ ራም ከሚሆን በሁለት ባለ 4 ቢሆን ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ በተለይ የራሱ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፥ ግራፊክሱ ከዚሁ ራም ይካፈላልና።

ስድስተኛ፥ ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ከሁለቱ ሠራተኞች የደከመው ማን ነው? የሥዕሉን ስፋት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ ሁለተኛው 921,600 ብቻ ነው። የሥዕሉ ሥራ ከግማሽ በታች ከሆነ በኋላ ኤፍፒኤሱ በጣም ከጨመረ የደከመው ካርዱ ነው። ካልጨመረ ግን ካርዱ ሊጥ እየጠበቀ ነው፤ ጥፋቱም በፕሮሰሰሩ ወገን ነው። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሮቶው ዛሬ በግቢያችን ውስጥ ይቆም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ መጠበቅ አለበት፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፥ ከመለወጥ በፊትና በኋላም መለካት ነው። ድራይቨሩንም፥ ሴቲንጉንም፥ ራሙንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው ቢሻለው እንኳ ያሻለው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ክዳን የሚከፍትም ተማሪ አስቀድሞ ከኤሌክትሪክ ይንቀል፤ ሰውነቱ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ የኮምፒውተሩን ብረት ይንካ፤ አየር ሲነፋ ፋኑን በጣቱ ይያዝ፤ ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አይክፈት፥ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቆያልና።

ምርመራው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስለምን አናደርገውም? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል። የመጀመሪያው ችኮላ ነው፤ ዛሬ ማታ መጫወት እንፈልጋለን። ሁለተኛው ኩራት ነው፤ «አዲስ ካርድ ገዛሁ» ማለት ያስከብራል፥ «አቧራ ጠረግሁ» ማለት ግን አያስከብርም። ሦስተኛው ደግሞ ከባዱ ነው፤ ስሕተቱን ከዕቃው ላይ ስንጥል ከራሳችን ላይ እናወርዳለን። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። ዕቃ ሲከሰስ አይመልስም።

ይህ ልማድ ድሮም ጉዳት ነበረው፤ ዛሬ ግን ጉዳቱ በዝቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር በላይ ጥቂት የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግራፊክስ ካርድም፥ ራምም፥ ፕሮሰሰርም ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ በግምት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ከቀድሞው ይልቅ የወላጅን ጉልበት ይበላል። እናት ለዕቁብ የምትጥለው ገንዘብ ከስንት ነገር ተቀንሶ እንደሚጠራቀም የምናውቅ እኛው ነን።

በዚህ ላይ ሁለት ወገኖች እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። ከወላጆች መካከል «ሁሉንም የሚፈታ ጨዋታውን መተው ነው፤ ያን ጊዜ ኤፍፒኤስ የሚባል ችግር የለም» የሚሉ ይኖራሉ። አክብሬ እመልሳለሁ። ጨዋታ ጥናትን እንዳይሻማ ወላጅ ልክ ማበጀቱ ተገቢ ነው፥ እኔም በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በሙቀት የታፈነው ኮምፒውተር ለጨዋታ ብቻ አይዘገይም፤ ፕሮግራም ስንጽፍበትና ሌላ ከባድ ሥራ ስናሠራውም ያው ይዘገያል። ከዚህም በላይ በሽታን ከምልክቱ ተነሥቶ መፈለግ፥ መገመት፥ መለካት፥ የተሳሳተውን ግምት መጣል ሐኪሙም መካኒኩም የሚሠራበት መንገድ ነው። ልጅ ይህን በሚወደው ነገር ላይ ቢማረው ምን ይጎዳል? እኔ የፊዚክስን የሙቀት ምዕራፍ ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ ያወቅሁት ግን ያን አቧራ በእጄ የጠረግሁ ቀን ነው።

ከጓደኞቼ ደግሞ «ደካማ ኮምፒውተር ደካማ ነው፥ ቢጠረግም አይሮጥም» የሚሉ አሉ። ይህም እውነትነት አለው። ሙቀቱ ደህና ሆኖ፥ ካርዱ ግን ሁልጊዜ ከመቶ 99 እየሠራ፥ የሥዕሉ ስፋት ሲቀንስ ኤፍፒኤሱ የሚጨምር ከሆነ የደከመው በእርግጥ ካርዱ ነው። ያን ጊዜም መጀመሪያ የጥላውንና የሌላውን ጌጣጌጥ ሴቲንግ መቀነስ ይሞከር። ከዚያ ወዲያ መግዛት ግድ ከሆነ ይገዛ፤ ሆኖም ካርድ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ የሚሰጠው ኃይል 75 ዋት ብቻ መሆኑ ይታወቅ፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ካርድ የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ገመድ የለውም። ሞኒተሩም 60 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ ከ60 ሥዕል በላይ አያሳይም፥ ለ144 ብሎ ገንዘብ ማውጣት በከንቱ ነው። የእኔ ክርክር በመግዛት ላይ ሳይሆን ሳያውቁ በመግዛት ላይ ነው። ሳያውቁ መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በአንድ መምህር ተቈጣጣሪነት የኮምፒውተር ምርመራ ክበብ ቢቋቋም መልካም ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ቡርሽ፥ ጥቂት ካቻቪቴ፥ ቴርማል ፔስትና አንድ ትልቅ ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ተማሪ ይዞት ይምጣ፤ ምን እንዳመመው፥ ምን እንደ ተሞከረ፥ ምን እንደ ተለካ፥ ምክንያቱም ምን ሆኖ እንደ ተገኘ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ዓመት ሲሞላ በሰፈራችን የሚበዛው ምክንያት የትኛው እንደ ሆነ በአፍ ወሬ ሳይሆን በቍጥር እናውቃለን፤ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይም ሌላ ተማሪ ያወጣዋል።

ለወላጆችም አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ «ለኮምፒውተሬ ይህን ግዙልኝ» ብሎ ሲመጣ ወዲያው እምቢ አትበሉት፥ ወዲያውም እሺ አትበሉት። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ «መቼ ነው የሚጀምረው? ምን ምን ሞከርህ? ስንት ለካህ?» መልሱን በወረቀት ጽፎ ካመጣ ልጁ ሥራውን ሠርቷል። ካላመጣ ግን ገንዘቡ ይቆይ። እናቴ ኮምፒውተር አታውቅም፤ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን ሁለተኛውን ሳልመልስ አፍር ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን ያልፈለገም እንዲሁ ነው። ሮቶው እስከ ዛሬ አልተገዛም፤ ዕቁቡ እንደ ገና እስኪደርስ ውሃ በሚመጣበት ማለዳ ጀሪካኑን የምሞላውና የምሸከመው እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁት መካከል አንዱ እንኳ እናቱን ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት የኮምፒውተሩን ክዳን ቢከፍት ድካሜን በከንቱ አልቈጥረውም።